በሻሼ ስም የተሞላ ብልቃጥ

ገደል አፋፍ ላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከሚግጡበት ሜዳ ዳር፤ ተመራማሪዋ አዜብና ለምርመራ የዝንጀሮ ኩስ የሚለቅሙላት ጋሽ ጌጤነህ።

አዜብ፦ አይማሉ አልኩዎት እኮ! ውጤቱ ይኸው እጄ ላይ ነው።

ጋሽ ጌጤነህ፦ ወረቀት ምን ያውቃል? አራት ወር ሙሉ ውርጭ ላይ ተንበርክኬ ኩስ ስለቅም የከረምኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ እንኳ ሸተትከኝ ብላ አጠገቤ መቀመጥ ትታለች።

አዜብ፦ መልቀምዎን መቼ ካድኩ? የማንን ለቀሙ ነው የምልዎት።

ጋሽ ጌጤነህ፦ የሻሼን ነዋ፣ የዚያችን ዝንጀሮ! ብልቃጡ ላይ ተጽፏል።

አዜብ፦ ሻሼ የወር አበባ ደም የሚታይባት ኩሷ ውስጥ ያለው ሆርሞን ሲወርድ ነው። እዚህ ግን ጣሪያ ነክቷል። ያውም እርስዎ ደም አየሁ ብለው በጻፉባቸው ቀኖች ብቻ!

ጋሽ ጌጤነህ፦ ደሙን ጽፌልሻለሁ። እሱን አልዋሸሁም።

አዜብ፦ ብልቃጡንስ?

ጋሽ ጌጤነህ፦ ኧረ በእመቤቴ ተይኝ! እህል የምበላበት እጅ እኮ ነው።

አዜብ፦ ጓንት አለዎት።

ጋሽ ጌጤነህ፦ ጓንት ዓይን ይሸፍናል? ደም የነካው ኩስ! እፍ! ሌላዋ ዝንጀሮ ድንቡሽ አጠገቧ ነበረች፣ ንጹሕ ሆና። ከእሷ ወሰድኩ። ያቺም ሴት፣ ይቺም ሴት።

አዜብ፦ ንጹሕ ያሏት ድንቡሽ እርጉዝ ናት! ሆርሞኑ የናረው ለዚያ ነው።

ጋሽ ጌጤነህ፦ ታዲያ ማርያም ትቅረባት፣ እኔ ምን ላድርግ?

አዜብ፦ አይቀልዱብኝ! ጥናቴ ገደል ገባ እኮ።

ጋሽ ጌጤነህ፦ እነዚያን ቀኖች ብቻ አውጥተሽ ጣያቸው።

አዜብ፦ እነዚያን ቀኖች ፍለጋ ነው እዚህ ብርድ ላይ የተቀመጥኩት!

ጋሽ ጌጤነህ፦ በቃ እንደገና እንጀምር። ደም የሌለ ቀን እኔ፣ ደም ያለ ቀን አንቺ። ሴት ስለሆንሽ ያን ያህል አይቀፍሽም።

አዜብ፦ ኩስ ማንንም ይቀፋል፣ ጋሽ ጌጤነህ። እኔን ያቅለሸለሸኝ ግን እሱ አይደለም። በሻሼ ስም የሌላ ሞልተው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ዛሬም ተሳካልን» ማለትዎ ነው።

ጋሽ ጌጤነህ፦ ተይ ልጄ፣ ከሥራ አታስወጪኝ። በስተርጅና ማን ይቀጥረኛል? ደም ባየች ሰሞን የገዛ ሚስቴን እጅ እንኳ አልነካም። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት።

አዜብ፦ እኔም ደም ካየሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ይኸው እጄ። ከነገ ጀምሮ ከሻሼ የሚለቅሙ ከሆነ ይጨብጡኝ፤ ካልሆነ ጓንቱን ድንጋዩ ላይ ያኑሩና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።