የፋኗ ድምፅ ከጠፋ ወዲህ

ግባ ልጄ፣ ግባ፤ ፀሐይ ላይ አትቁም። መኪናህን ጥላ አገኘህላት? ጎበዝ። እንዴት ያለ ሙቀት ነው ዛሬ! ሻንጣው ያው፣ በሩ ሥር ነው። ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ። እኔ አልቸኩልም፤ አንተስ? ሹፌር ሁሉ እንዳንተ ረጋ ቢል ምን ነበረበት…

ብርጭቆውን ብቻ ቀስ አድርገህ አስቀምጥ። አይ፣ አትደንግጥ፤ የታመመ ሰው የለም። የሚሠራ ሰው አለ። ሶፋው ላይ… አትየው! እኔ ስም ጠራሁ?

ልጄ ነርስ ናት። ፈረቃዋ ስለሚበዛ ቤቱን የያዝኩት፣ የማበስለው እኔ ነኝ… ነበርኩ። ያገባችው ሰው ግን የተማረ ነው። እቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። ታዲያ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ማራገቢያ አለች፤ ፋን ይሏታል። እንዳይግል ታናፍስለታለች፤ ስታናፍስ ደግሞ እንደ ዝንብ እዝዝዝ ትላለች። እኔና አንተ ብንሆን እንለምደው ነበር። እሱ ፕሮግራም ጫነላት። ጭንቅላት ማለት እንዲህ ነው! ስክሪኑ ላይ ያለችውን መስመር ወደ ታች ሲጎትታት ፋኗ ቀስ ትላለች። ጎተታት፣ ጎተታት… እስከ ታች። ጸጥ!

ደስ ብሎት ጠራኝ። «እማማ፣ ይሰማዎታል?»

«ኧረ ምንም።»

«እሱን እኮ ነው የማሳይዎት!»

ሰው «ምንም»ን እያሳየ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ፋኗ ዝም ስትል ታዲያ ምን ቢሰማው ጥሩ ነው? ፍሪጁ! ለካ ሲያጉረመርም ኖሯል። ነቀለው። ወተቱ ተበላሸ፤ ግን ጸጥ ብሎ ነው የተበላሸው፣ ምኑ ይነቀፋል? ፍሪጁ ዝም ሲል የግድግዳው ሰዓት መጣ። ባትሪውን አወጣ። አልቸኩልም ያልኩህ ለዚህ ነው፤ እዚህ ቤት ጊዜ ቆሟል። ሰዓቱ ዝም ሲል ነጠላ ጫማዬ… በካልሲ መሄድ ጀመርኩ። ነጠላ ጫማዬ ዝም ሲል ጉልበቴ። ቀጭ ይላል፣ አልዋሽህም። ለጉልበት የሚሆን ፕሮግራም አልተሠራም መሰለኝ እንጂ ይጭንልኝ ነበር። ደግ ነው።

«እማማ፣ ወንድምዎ ዘንድ ቢሆኑ ይበልጥ አይመችዎትም?» አለኝ። እንዴት እንደሚያስብልኝ አየህ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እዚህ ቤት ግን ባዳዋ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ ባበላሁበት ለማስነጠስ ግቢ እወጣለሁ።

አንድ ድምፅ ብቻ ቀርቷል። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሲባል የሚሰማ… መጋዝ ነው ብልህ ታምነኛለህ። የሱን መስመር እስካሁን የጎተተ የለም። ባለቤቱ ተኝቶ ስለሚያሰማው፣ ማን ይንገረው?

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ትልቅ ቀን ነበር። ኃላፊ ሊያደርጉት ነው፤ አለቆቹ በኮምፒውተሩ እያዩት ይናገራል። ከላይ ከረባት፣ ከታች ፒጃማ። ቃል እንዳይጠፋው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚናገረው። እኔ ካልሲዬን ልወስድ ገባሁና ስክሪኑን ባየው… ጥቁር! ልጄ፣ ትንፋሹን ከልክለኸው የሚሠራ ምን አለ? ኮምፒውተሩ ግሎ፣ ግሎ፣ ራሱን አጠፋ። በቤቱ ደንብ መሠረት፣ ድምፅ ሳያሰማ። ዝም አይነቅዝም ያሉት እውነታቸውን ነው። አይነቅዝም፤ ይግላል እንጂ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ጉልበቴን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን እንዲህ አነሳ። ዝም በይ ማለት ነው። ደህና አድርጎ አስተምሮኛል፤ ዝም አልኩ። እንዴት ተናገረ መሰለህ! እየሣቀ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ላቡ ጠብ እስኪል… መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድም ሰው አልጠየቀውም። እንዲህ ያለ ማብራሪያ የሊቅ ነው።

አሁን ያው፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ እስኪቀዘቅዝለት ይጠብቃል። ማሽኑ ማለቴ ነው።

ጨረስክ እንዴ? ሌላ ልቅዳልህ እንጂ። ጠጣ፣ ጊዜ አለን። እኔ እኮ እንዲህ የምለፈልፈው… ምናልባት የሚናገር ሰው ካለ ብዬ ነው። «ይቆዩ» የምትባል ቃል አለች፤ አጭር ናት፣ ብዙም ድምፅ የላትም። ቀስ ተብላ ብትባል ማንንም አትረብሽም። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ደህና ነው፤ እሰማታለሁ…

…

…

እሺ። ሻንጣውን አንሳልኝ።

ቆይ፣ ሳልመርቅ አልወጣም። የዚህን ቤት ጌታ ዕድሜ ይስጥልኝ። እንደ እናቷ ደግ የሆነች ሴት ልጅ ይስጠው፤ ለማዕረግ ያብቃት፣ አግብታ ቤት ትሥራ። እሱም ሸምግሎ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ እሷው ቤት ይግባ፤ ጧሪ አያሳጣው። አማቹም… የተማረ ይሁንለት፤ ልክ እንደ እሱ ያለ።

አሜን በል እንጂ ልጄ። በል፣ በሩን ሳብ አድርገው።

በሩ ተዘጋ።