እንደ ቅርጫ የተከፋፈለው መድኃኒት

በጠላት ወረራ ዘመን፣ በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የካቲት ወር፣ ከቡሬ ስመለስ ከማንኩሳ በታች ባለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ከባላምባራስ ላቀው ጋር ድንገት ተገናኘን። እኔ ከወረራው በፊት በአንድ ሆስፒታል ቁስል ማጠብ ተምሬ ስለ ነበር፣ አርበኞች በጫካ ውስጥ ቁስለኞቻቸውን ያስተኙበትን ቤት የማስተዳድር ሰው ነበርሁ። የባላምባራስ ልጅ ቢሆነኝ እዚያው ተኝቶ ነበር። ጭኑን በጥይት ተመትቶ ቁስሉ አመርቅዞ ነበርና፣ ከስምንት ቀን በፊት ስሄድ ሃያ አንድ ክኒን በእጃቸው ቆጥሬ፣ «በቀን ሦስት፣ ሰባት ቀን» ብያቸው ነበር።

«እንደምን ዋሉ ባላምባራስ? ቢሆነኝስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለሱ ጠበል ልቀዳ ወርጄ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እህል ቀመሰ፣ እንዲያውም ሣቀ። ትናንት ግን ያ እሳት ተመልሶ መጣበት።»

«ክኒኑን ጨርሷል?»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ከዳነ ወዲያ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው? ሁለት የሰው ልጆች አጠገቡ እያቃሰቱ የኔ ልጅ ብቻውን መድኃኒት ሲውጥ ማየት ነውር ሆነብኝ። የተረፈውን እንደ ቅርጫ መድቤ ስድስት ስድስት አካፈልኋቸው።»

«እነሱስ ተሻላቸው?»

«አንድ ሁለት ቀን ቀለል ብሏቸው ነበር። አሁን ሦስቱም በትኩሳት ይነዳሉ።»

በጣም አዘንሁ። ሰውየው አልሰሰቱም፤ የበደሉት በደግነታቸው ነው። ደግሞስ እኔ ቁጥሩን ነገርኋቸው እንጂ ምክንያቱን መች አስረዳኋቸው? የተማርን ሰዎች ትእዛዝ መስጠት ይቀናናል፤ ማስረዳት ግን ይሰለቸናል። በዚያ ጥፋቴ ዛሬም ድረስ እጸጸታለሁ።

የቡሬው ነጋዴ ሙሄዲን ከጠላት ምሽግ በስንት ጭንቅ ያወጣልኝን ሠላሳ ክኒን በበርበሬ ስልቻ ውስጥ ደብቄ ይዤ ነበር። ቤቱ እንደ ደረስን ለቢሆነኝ ሰጠሁት። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ስድስት ክኒን ውጦ፣ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ደግሞ የመበለቲቱ የሀብትነሽ ልጅ አድማሴ ክንዱን ተመትቶ በቃሬዛ መጣ።

«የቀረው ሃያ አራት ክኒን ለአድማሴ ይሁን» አልሁ።

ባላምባራስ ተቆጡ። «ልጄ እየሞተ? አነሰው እንደሆነ ጨምርለት እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ቁስሉን የሚያመረቅዘው በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደካማ ደካማውን ይገድላል፤ ሕመምተኛውም ዳንሁ ይላል። ብርቱው የሚሞተው እስከ ሰባተኛው ቀን ሲወሰድ ነው። ካቋረጡት ይተርፋል።»

«ቢተርፍስ? ያው መድኃኒት ተመልሶ አይገድለውም?»

«እርስዎ አርበኛ ነዎት። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ አድፍጠው ያውቃሉ?»

«ሞኝ ነኝ? ከፊተኛው ያመለጠው ጠላት መንገዱን ያውቀዋል። ጓደኞቹንም ...» ብለው ቆም አሉ። ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ በሁለቱ ቁስለኞች ላይ ዓይናቸው አረፈ። «ታዲያ እነሱ ዘንድ ማን አሻገረው?»

«ቁስላቸው የሚታጠበው በአንድ ጨርቅ ነው። እኔ ባልነበርሁባቸው ቀኖችም ያጠባቸው እጅ አንድ ነው።»

«የኔ እጅ ነው» አሉ ባላምባራስ።

ክኒኑን ከእጄ ተቀብለው፣ «አድማሴን ወዲያኛው ጎጆ ለብቻው አስተኙት። እኔ ራሴ እየቆጠርሁ አውጠዋለሁ» አሉ።

ቢሆነኝ በአምስተኛው ቀን ዐረፈ። አጠገቡ የተኙት ሁለቱም ተከተሉት። አድማሴ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሲቀመጥ፣ የተረፈውን ለሌላ እንስጥ ያለ አልጠፋም ነበር፤ ባላምባራስ ግን፣ «አንድ ፍሬ አይነካም!» ብለው ሰባቱን ቀን አስጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ሆነ። ለየቁስለኛው የየራሱ ጨርቅ ተለየለት፤ ጨርቁም ሳይቀቀል ቁስል አይነካም። ከአንዱ ቁስለኛ ወደ ሌላው ስሻገር እኔንም ሳይቀር ባላምባራስ በር ላይ ይዘው በእንዶድ እጄን ያስታጥቡኝ ነበር። ክረምቱ እስኪያልፍ ከገቡት አሥራ አንድ ሰዎች ዘጠኙ በእግራቸው ሄደው ወጡ። ይህን የሚያነብ ወጣት ሁሉ ልብ እንዲል እወዳለሁ፤ የጀመሩትን መድኃኒት መጨረስና እጅን መታጠብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን ሰው የሚያተርፍ ነገር ነው።

ሀብትነሽ ልጇን ልትወስድ የመጣች ዕለት ግን ከልቤ አልወጣም። «ልጄን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት» ብላ የባላምባራስን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። እሳቸው ክንዷን ይዘው አነሧት።

«ተይ ሀብትነሽ፣ አትሳሚኝ» አሉ። «ላንቺ ልጅ ያደረግሁትን ለልጄ አላደረግሁለትም።»