ረጅሙን ቃል በጉርሻ በጉርሻ

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሪቻርድሰን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ፣ ጋሽ ተሻገር መኪናቸው ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው «ፎደልሰዳግስካላስ፣ ፎደልሰዳግስካላስ» ሲሉ ሰማኋቸው። በልሳን የሚጸልዩ መስሎኝ ላልፍ ነበር። ከዚያ ቃሉ ስዊድንኛ መሆኑን አወቅኩ፤ ቴክሳስ ከመምጣታችን በፊት ስዊድን፣ ማልሞ፣ ጥቂት ዓመት ተምሬያለሁ። ሶ፣ መስኮቱን አንኳኳሁ።

ልጃቸው ዓለምጌጥ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው። የልጅ ልጃቸው ኤልሮኢ ከስዊድንኛ ሌላ አትናገርም፤ በቪዲዮ ሲደውሉላት ትንሽ አይታቸው ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ትሄዳለች። ጋሼ ለልደቷ ሊሄዱ ቲኬት ቆርጠው ነበር፤ የሚያጠኗቸው የስዊድንኛ ቃላት አልያዝ ስላሏቸው ግን ጉዞውን ካንስል ሊያደርጉት ነው። «ሄጄ ስንተያይ ልንከርም?» አሉኝ።

ችግሩ አጠናንዎ ነው አልኳቸው። ተቆጡ። መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የያዙት እንዲሁ እየደጋገሙ መሆኑን፣ እኔ ግን የእናቴን ስልክ ቁጥር እንኳ በቃሌ እንደማላውቅ ነገሩኝ። እውነት ነው፤ ቢሆንም አልተሸነፍኩም።

«ጋሼ፣ ኬክ ሲሰጥዎ ሙሉውን ይጎርሱታል?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አያርፍም።»

«ይቁረጡታ። ፎደልሰ ልደት፣ ዳግ ቀን፣ ካላስ ድግስ። መሀል ያለችው ‹ስ› ማያያዣ ክር ናት። የልደት ቀን ድግስ። እንደ አማርኛችን ዋናው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከፊት ያሉት የምን እንደሆነ ይነግሩዎታል።»

ጋሼ ዝም ብለው የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ስሞርጎስ» የሚለውን አመጡብኝ፤ ቅቤና ዝይ ተገጣጥመው ሳንድዊች የሚሆኑት በምን ሒሳብ ነው ብለው ሳቁብኝ። እንዲህ ያለውን ይሸምድዱት፣ አብዛኛው ግን ይፈታል አልኳቸው። አላመኑም። እስቲ ደውለን እንየው ተባባልን።

ኤልሮኢ እንደ ልማዷ ትንሽ አየቻቸው፤ ከዚያ «ስኖጉበ» ሠራሁ አለችና ስልኩን ልታቀብል ዞረች። ጋሼ ቃሉን ሰምተውት አያውቁም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፦ ስኖ በረዶ፣ ጉበ ሽማግሌ። የበረዶ ሰውዬ!

«ባርኔጣ አለው?» ሲሉ በስዊድንኛ ጠየቋት።

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች።

ታላላቆቻችን ሆይ፣ በቃል መያዝ አይናቅም። ነገር ግን የሸመደደ ያልሸመደደው ሲመጣበት ዝም ይላል፤ መፍታት የለመደ በጥቂት ቃል ብዙውን ይደርስበታል፣ ከማያውቀው ቃል አይሸሽም፣ ከልጅ ልጁም ጋር ያወራል።

ቲኬቱስ ብዬ በምልክት ጠየቅኳቸው። ጋሼ እንዳልረብሻቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ፤ ኤልሮኢ ገና እያወራች ነበር።