ከአርዲቦ ሐይቅ በመረብ ስለ ወጣው የኢቲሳም ብስክሌት ፍሬም የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ባድሩ ይመር ዓሊ
ዕድሜ፦ በመታወቂያቸው 74 (ምስክሩ «ጥቂት ተቀንሶልኛል» ይላሉ)
ሥራ፦ ቀድሞ የበርበሬ ነጋዴ፣ አሁን ቤት ጠባቂ
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ
ከጠፋችው ልጅ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ የአባቷ አባት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ውበቱ አንዳርጋቸው

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የልጄ የሐቢብ ልጅ የሆነችው የ19 ዓመቷ ኢቲሳም ሐቢብ ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ ስለ መጥፋቷና ዛሬ ከአርዲቦ ሐይቅ ስለ ወጣው የቢ ኤም ኤክስ ብስክሌት ፍሬም የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሳጅኑ ቃሌን እንዳሳጥር አሳስቦኛል። ለማሳጠር እሞክራለሁ፤ ነገር ግን አጭር ነገር ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነ ከዚህ ፍሬም ተምሬያለሁ።

በቅድሚያ የተጠየቅሁት ፍሬሙ የኢቲሳም ነው ወይ ተብዬ ነው። አዎ፣ የእሷ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን «ሰጥማለች» ተብሎ እንዳይጻፍ እለምናለሁ። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ወጣቶች በታንኳ ሆነው ውሃውን እየፈለጉ ነው፤ በቤቴም ለቅሶ ተጀምሯል። እኔ የምለው ልጅቱ ውሃ ውስጥ የለችም፣ መንገድ ላይ ነች ነው። ውሃው ሲፈተሽ በዋለ ቁጥር እሷ ወደ አፋር በረሃ እየራቀች ነው። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ፍሬሙን ያወቅሁት በቀለሙ አይደለም። ጥቁር ነው፤ ጥቁር ብስክሌት ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ያወቅሁት በአልጋዬ ነው። ኢቲሳም ብስክሌቱን አሮጌውን ከደሴ ነው ያመጣችው። ባለፈው ክረምት ከአንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ስትዘል፣ የመሪው አንገት የሚገባበት አጭሩ ቱቦ ከታችኛው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰነጠቀ። በያጁ እንድሪስ «ይህ ፍሬም የሚዘለልበት ስለሆነ ብየዳ ብቻውን አይችለውም፤ ከሥሩ የሚደግፍ ሦስት ማዕዘን ብረት ይግባበት» አላት። በማግስቱ ከዙሁር ሶላት ስመለስ አልጋዬን አዘንብሎ አገኘሁት። እግሩን ከጎኑ ጋር የሚያያይዘው አረንጓዴ ብረት በመጋዝ ተቆርጦ ሄዷል። ብረቱ አሁን እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ፣ ፍሬሙ አንገት ሥር ተበይዶ ይገኛል፤ አረንጓዴው ቀለም ከጥቁሩ ሥር ይታያል። የሚጠራጠር ካለ ቤቴ መጥቶ አልጋው ሥር ጎንበስ ይበል። ያን ጊዜ «አንቺ ልጅ፣ እኔን መሬት ላይ ጥለሽ አንቺ ሰማይ ላይ ትዘያለሽ?» ብላት «አብሽሩ አባባ፣ ሥራ ስይዝ ሙሉ አልጋ እገዛልዎታለሁ» አለችኝ። ሥራ አልያዘችም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤትም አልመጣላትም።

ይህ ዓይነቱ ብስክሌት እንደ ሌላው አይደለም። የኮርቻው ቱቦ አጭር ነው፤ የላይኛው ቱቦ ከመሪው ተነስቶ ወደ ኮርቻው ቁልቁል ይወርዳል። ተቀምጦ የሚነዳው ሰው ጉልበቱ አገጩን ይመታዋል። ዕቃ የሚጫንበት የለውም፤ ሰው የሚፈናጠጥበትም የለውም። «ይሄማ የብስክሌት ግልገል ነው፤ ጡት ሳይጥል ነው የሸጡልሽ» እላት ነበር። እሷ ግን ሳትሰለች ታስረዳኛለች። የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለው ስትዘል እግሯ እንዲያልፍበት ነው። ከፔዳሉ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ያጠረው የፊቱ ጎማ በቀላሉ እንዲነሳላት ነው። የኋላው አክስል የሚገባበት ስንጥቅም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ኋላ የተከፈተ ነው፤ ካቴናው ሲላላ ዳዶው በ17 ቁጥር መፍቻ ይፈታና ጎማው ወደ ኋላ ተስቦ መልሶ ይጠብቃል። ይህን የማውቀው ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ብስክሌቱን ገልብጣ ስትሠራ ፍሬሙን የምይዝላት እኔ ስለ ነበርኩ ነው። መፍቻውም የእኔ ነበር፤ ወስዳ አልመለሰችውም።

ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋች እኔ ወደምቀመጥበት የግቢው ጥግ መጣችና «አባባ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ለምኑ ብላት «ለመንገድ፤ ነገ ውጫሌ አክስቴ ሒክማ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች። በእኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚወጣ ሰው ሽማግሌ ሳያስመርቅ አይወጣም። ውጫሌ ግን ሩቅ አይደለም፤ ተሳፍረው ሄደው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። በዕድሜዬ ለውጫሌ ዱዓ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ግን የተለመደው ጨዋታችን መስሎኝ መዳፌን ዘርግቼ «ጎማሽ አይተንፍስ፣ ካቴናሽ አይበጠስ፣ የአምባሰል ውሻ አያባርርሽ፣ ካሰብሽበት አላህ ያድርስሽ» አልኩ። አልሳቀችም። «አሚን» አለች። ደግማ «አሚን» ብላ ጉልበቴን ሳመች። ስለዚህ የሸኛት የገዛ አፌ ነው። ደግሞም ልትሞት የምትሄድ ልጅ ለመንገድ ዱዓ አትጠይቅም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ቦርሳዋን አዝላ ብስክሌቱን እየነዳች ከቤት ወጣች። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዓሣ እያጠመደ የሚሸጠው ኡበይድ በራችንን አንኳኩቶ ሁለት ትልልቅ ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል ሰጠንና «ኢቲሳም ለእናቴ አድርስልኝ ብላ ነው» ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ። እናቷ ራዚያ ጠበሰችው። እኔም «ውጫሌ እየሄደች ከሐይቅ ዓሣ የምትልክ ልጅ ወልደሻል» ብዬ ቀለድኩ፤ ሁላችንም በላን። 

እሑድ ማታ ስልኳ ዝግ ነበር። ሰኞ ጠዋት ውጫሌ ድረስ ሄጄ ልጄን ሒክማን ስጠይቃት «አባ፣ እዚህ አልመጣችም፤ ደውላም አልነበረ» አለችኝ። ያኔውኑ ተመልሼ ለፖሊስ አመለከትኩ። ለምን እንደ ፈራሁ ተጠይቄ፣ የኢቲሳም አባት ሐቢብ ከሰባት ዓመት በፊት በባቲ በኩል አድርጎ ወደ ሳውዲ ብሎ እንደ ወጣና እስከ ዛሬ ወሬው እንደሌለ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛ ሰው ለዚያ መንገድ የምሰጠው የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ኡበይድ አርዲቦ ላይ መረቡን ሲስብ ፍሬሙ አብሮ ወጣ። ዳር የነበሩ ሰዎች የኢቲሳም መሆኑን አውቀው ጮኹ። ኡበይድ ሲጠየቅ «ከመረቤ ጋር ወጣ» ከማለት በቀር የተናገረው የለም። ፍሬሙ ላይ ገመድ ስለ ነበረበት ሰዎች ልጅቱ ራሷን ከብረቱ ጋር አስራ ገባች ማለት ጀመሩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ራዚያ ወደቀች። ጎረቤቶች ለድንኳን እንጨት ተሸክመው ሲመጡ በበትሬ አባርሬያቸዋለሁ፤ ይህንንም አልክድም። አንደኛውን ሳልመታው አልቀረሁም።

ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፍሬሙን አሳዩኝ። መጀመሪያ ያየሁት የአልጋዬን ብረት ነው፤ ሳጅኑ ወንበር ሰጠኝ። እንባዬን ጠርጌ እንደ ገና ሳየው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጎማዎቹ የሉም። ፔዳሉና ካቴናው የሉም። የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ የለም። በአንገቱ ቱቦ ጣቴን ባስገባ ላይና ታች የሚቀመጡት ኩሽኔታዎች እንኳ ወጥተዋል። የኋላው ስንጥቅ አልተጣመመም፤ ዳዶው የተፈታበት ክብ ጭረት ብቻ ነው ያለበት። ገመዱም በአንገቱ ቱቦ ገብቶ በኮርቻው ቱቦ በኩል የወጣ፣ ተጠንቅቆ የታሰረ ነው።

«ልጄ፣ ውሃ ዳዶ ይፈታል?» ብዬ ሳጅኑን ጠየቅሁት።

«አይፈታም፣ አባት።»

«ለመስጠም የምትሄድ ልጅስ ኩሽኔታ ታወልቃለች?»

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ኡበይድ ተመለከተ። ኡበይድ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያይ ነበር። ያኔ የእሑዱ ዓሣ ትዝ አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ኡበይድ፣ የእሑዱ ዓሣህ ጥሩ ነበር» አልኩት።  «ምን ሰጥታህ ነው? እኔ የበላሁት ሰው ነኝ፤ ምን እንደ በላሁ ልወቅ።»

«አያ ባድሩ፣ ወላሂ እኔ ደላላ አይደለሁም» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«ደላላማ ብትሆን ጫማ ይኖርህ ነበር። አብሽር፣ ማንም አይነካህም። እኔ የምፈልገው ልጄን ነው።»

«አስምላኛለች።»

«ከፋራውን እኔ አወጣልሃለሁ። ስለ መሐላህ ድሃ አበላለሁ፤ ካነሰም እጾማለሁ። ተናገር።»

ከዚህ በኋላ ኡበይድ በሳጅኑ ፊት የተናገረው የሚከተለው ነው። እሑድ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ኢቲሳም ብስክሌቷን በታትና ጎማውን፣ ሹካውን፣ ኩሽኔታውን ሳይቀር ለመሳፈሪያ እንዲሆናት ለአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሸጣለች። ፍሬሙን ግን ጠጋኙ የአልጋ ብረት ተበይዶበታል ብሎ አልፈለገውም። ኡበይድ ለመረብ ማስመጫ የሚያስረው ድንጋይ ከገመዱ እያመለጠ ያስቸግረው ስለ ነበር፣ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ብረት አገኘሁ ብሎ በሁለት ዓሣ ለወጣት። እሷም ዓሣውን ለእናቴ አድርስልኝ አለችው። ከዚያም ሌላ ቦርሳ የያዘች ልጅ መጥታ ሁለቱ ወደ ውጫሌ ሳይሆን ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። «እስከ ረቡዕ ለማንም እንዳትናገር» ብላ በአላህ አስማለችው። ዛሬ ሰው ሲጮህ መሐላውንም ፈራ፣ እኔንም ፈራ፣ ዝም አለ። ቋጠሮው የእሱ መሆኑን ፈትቶና መልሶ አስሮ አሳይቷል።

ነገ ረቡዕ ነው። ደላሎች ሰው እስኪሞላላቸው ባቲ አካባቢ ቤት ውስጥ እንደሚያቆዩ ይነገራል፤ እስከ ረቡዕ ያለችውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለሆነም ታንኳዎቹ ከውሃው እንዲወጡና ሳይመሽ ለኮምቦልቻና ለባቲ ኬላዎች እንዲደወል አጥብቄ እለምናለሁ። ሳጅኑ ይህን ቃል እየጻፈ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አንደኛው አልተነሳም። ሁለተኛው ተነስቶ ስሟንና መለያዋን ጠይቀዋል።

በስሟ እንዳይፈልጓት። ስሟን ትለውጣለች፤ መታወቂያዋ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው። ቀኝ እግሯን ይዩ። የዚህ ብስክሌት ፔዳል እግር እንዳይንሸራተት ጥርስ አለው፤ ሲያመልጣት ቅልጥሟን እየነከሳት ከጉልበቷ በታች እንደ ሙስበሐ ዶቃ የተደረደረ ጠባሳ ትቶባታል። ቦርሳዋም ይፈተሽ። መፍቻዬን ቤት ውስጥ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ብስክሌት ሳይኖራት 17 ቁጥር መፍቻ ተሸክማ በረሃ የምታቋርጥ ልጅ ከተገኘች የእኔ ነች።

ካገኟት አይጩሁባት፤ አይምቷት። «አያትሽ ቅዳሜ ያደረጉልሽ ዱዓ ለውጫሌ ነው፤ ከባቲ ወዲያ አይሠራም» ይበሏት። እሷ ነገሩ ይገባታል። ያንን ፍሬም የሚገጣጥም ሌላ ሰው ስለሌለም ትምጣና ወይ ብስክሌቱን ትሥራ፣ ወይ የአልጋዬን ብረት ትመልስ።

ከላይ የሰፈረው ከአፌ የወጣ ነው፤ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ሐሰት የለበትም። ሳጅኑ ቀልዱን እናውጣው ብሎኝ አልተስማማሁም፤ አንድ ቀን ኢቲሳም ብታነበው የተናገርኩት እኔ መሆኔን በዚያ ታውቃለች። ስለ እውነትነቱ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ባድሩ ይመር
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ውበቱ አንዳርጋቸው (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ፍሬሙ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ከቀኑ 11፡40 ሰዓት ላይ የልጅቱ መለያ ምልክት ዝርዝር ለባቲ ኬላ በስልክ ተነግሯል፤ መልስ ይጠበቃል። ምስክሩ ወደ ቤት እንዲሄዱ ተነግሯቸው «አልጋዬ እዚህ ነው ያለው» ብለው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ው.አ.