የዶሮ ማነቂያ ልጆች ውጤት

ሄሎ… አዎ፣ ርዕሰ መምህርቷ ነኝ። ማን ልበል?… ሉልሰገድ? እዚሁ ግቢ ያስተማርንህ ሉልሰገድ?… ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሉኝ የማላውቀው ሰው መስሎኝ። ኃላፊ ሆነሃል አሉ፣ እንኳን ደስ አለህ።

ደህና ነኝ… መምህር እምሩ? ባለቤቴማ አረፈ እኮ። አምና… አልሰማህማ። ሰፈሩ ተበትኖ ማን ለማን ይንገር… አመሰግናለሁ። ተወው፣ ወደ ጉዳይህ ግባ።

አዎ፣ የስድስተኛ ክፍል ተፈታኞች በሙሉ አልፈዋል… ሞዴል ትምህርት ቤት? እኛ?… እና ሪፖርቱ ምን ይበል?… «በመምህራን ያላሰለሰ ጥረት»…

አንዴ ጠብቀኝ። — የሺዓለም፣ ለዛሬ አንድ ድስት ይበቃል፣ ሁለተኛውን አትጣጂ። — ለልጆቹ ምሳ የምታበስለው ናት… አዎ፣ አንድ ድስት። አንተ በነበርክበት ጊዜ ቢሆን ለአንድ ክፍልም አይበቃም ነበር።

እሺ፣ ልድገመው። እንደዚያ ብዬ ከጻፍኩ ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል። ካልጻፍኩ የተማሪው ቁጥር ስላነሰ ከሌላ ጋር ተዋህዶ ይዘጋል… ገባኝ።

ሉልሰገድ፣ ትሰማኛለህ?… መምህራኑ ያው ናቸው፣ ያስተማርነውም ያው ነው። የተለወጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የዶሮ ማነቂያ ልጆች ቤታቸው ሲፈርስ ከወላጆቻቸው ጋር ከተማው ዳር፣ አራብሳና ገላን ጉራ ሄዱ። የቀሩልን የጊዮርጊስ አካባቢ ባለሱቆችና የቢሮ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ማታ አስጠኚ ይመጣላቸዋል። እነሱ ድሮም ያልፉ ነበር።

ዋሸህ አላልኩም… ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስድስተኛን ስንት ጊዜ ተማርክ?… ሳቅ እንጂ፣ ምን ያሳፍራል። ደግመህ ነው ያለፍከው። ከአባትህ ጋር ጎህ ሳይቀድ አትክልት ተራ ጆንያ ስታራግፍ ታድርና… እሺ፣ ታነጋና፣ ክፍል ገብተህ ታንቀላፋ ነበር… አዎ። ከትምህርት በኋላ እያስቀረ ሒሳብ ያስጠናህ እምሩ ነው። አልረሳሁም።

ያን ዓመት ቤታችሁ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ የኔ ውጤት ያምር ነበር። አንተን ሸኝቼ ሞዴል እባል ነበር።

ሄሎ?… አለህ?… ልወቅስህ ፈልጌ አይደለም። ለኔ ብለህ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን አልጽፍም።

እንግዲህ ይዘጋ… አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የሄዱት ልጆች የት ገብተው እየተማሩ እንደሆነ አጣራልኝ። ያውም ትምህርት ቤት ገብተው ከሆነ ነው። ሪፖርት ከተባለ የነሱም ይካተትበት… እሺ። ቃልህን ይዣለሁ።

እኔ? እኔማ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ምንም አልሆንም… አዎ፣ ብቻዬን… ልጆቼ ራቅ ራቅ ብለው ነው ያሉት፣ ይደውላሉ…

ሉልሰገድ፣ እውነቱን ከፈለግክ፣ ጠዋት ተነሥቼ እንድለብስ የሚያደርገኝ ይኼ ግቢ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ውስጥ… ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… ሄሎ?

— መስመሩ ነው፣ የሺዓለም። ተቋረጠ… የለም፣ መልሼ አልደውልም። ዋናውን ሰምቷል።