ለባሏ የገዛችው መጋዝ

ከጂንካ ወደ ወይጦ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት አዲስ የብረት መጋዝ ይዛለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ የኤሌክትሪኩ አይሻልም ነበር?»

«እሱንማ አቅሜ አይችልም፣ አባባ። ብችልም ባለቤቴ የእጁን ነው የሚፈልገው።»

«ብረት ሠራተኛ ነው?»

«አዎ፣ ቤታችን ውስጥ ነው የሚሠራው። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግን መሣሪያ ነክቶ አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ ሳያይ እንዴት ሊቆርጥ ነው?»

«የሚቆርጠው የብረት ቧንቧ ላይ፣ ልኩ ጋ ክር ያስራል። ከዚያ ክሩን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ቀስ ብሎ ይቆርጣል። በቀደም በጎረቤት መጋዝ ሞክሮ ለልጃችን አልጋ ሠራላት።»

«ብየዳውንስ?»

«እሱ አስተማረኝ፤ የምበይደው እኔ ነኝ።»

«አልጋው አይወዛወዝም?»

«የሚወዛወዘውስ ዓይኑ እያየ የሠራው የኛ አልጋ ነው» ብላ ሳቀች።

«በይ እንግዲህ ለኔም አንድ ሥሩልኝ።»

«እንሠራለን፤ ግን ተራ ይጠብቃሉ፣ አባባ። ከእርስዎ በፊት ሦስት ሰው አለ።»

እኔም ወይጦ እስክንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ የፊቴን ወንበር ብረት ስዳስስ ነበር።