እናትየዋን ቀና ብለው አይተዋታል?

ሲስተር፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ ነው፤ እያቋረጡ ማረም አይቻልም!

እዚህ የሕፃናት ክፍል ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ወሬውን ያገኘሁት ከካርድ ክፍሉ ጋሼ ነው። ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ "ይህ የቁመት መለኪያ ያለቦታው ነው የተቸነከረው" አሉ አሉ። ዳይሬክተሩ፣ "ክፍሉ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ነው" ቢሏቸው፣ ሲስተር ነቅለው አስተካክለው ቸነከሩትና፣ "እስቲ ጫማዎን ያውልቁ!" አሏቸው። አንድ ሜትር ከሰባ ነኝ ሲሉ የኖሩት ሰውዬ፣ አንድ ሜትር ከስድሳ ስድስት ሆነው ቤታቸው ገቡ።

"ተረከዝ ወደ ግድግዳ! ፀጉር ቁመት አይደለም!" ያልተባለ እዚህ አለ? እጁን ያውጣ። ጥበቃዎቹም ጭምር!

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለታሪኳ ፈቅዳልኛለች።

የዛሬ አሥር ዓመት አንዲት ልብስ ሰፊ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው የምታክለው፤ ትምህርት ቤት "ሚጢጢ" ይሏታል። እኔ ወረፋው አጣድፎኝ፣ "አይዞሽ፣ በዘር ነው" ብዬ ሸኘኋቸው። ሲስተር ገብተው በሩን ዘጉ።

"ዶክተር፣ እናትየዋን ቀና ብለው አይተዋታል?"

"ምን ሆነች?"

"በሩን ጎንበስ ብላ ነው ያለፈችው። ታዲያ ይሄ የማን ዘር ነው?"

መልሰው አመጧቸው። የልጅቷን ፀጉር ገለጥ ሲያደርጉት ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ የተወጠረ የቆዳ እጥፋት አለ። ክንዷን ስትዘረጋ ከክርኗ ወደ ውጭ ይወጣል። የወር አበባም አላየችም። "ስትወለድ እግሯ አብጦ ነበር?" ሲሉ፣ እናትየዋ ክው አለች፤ "እንዴት አወቁ? የሰፋሁላት ጫማ እንኳ አልገባ ብሎ!"

የደም ምርመራው ነገሩን አረጋገጠ፤ ሁለት መሆን ከነበረባቸው ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱ የለም። ተርነር የሚባለው የዘረመል ችግር ነው። ልቧ ሲታይ ደግሞ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ጠብቦ ተገኘ። ደግነቱ ተደረሰበት፤ ተጠገነ።

ውጤቱንና ልጅቷ በሴት ሆርሞን መድኃኒት እንደምትታገዝ ስነግራቸው እናትየዋ፣ "ምን በድዬ ነው?" ብላ አለቀሰች። ልጅቷ ግን አየችኝና፣ "ታዲያ እኔ ሴት አይደለሁም?" አለች። ወደ ካርዷ አጎነበስኩ። ሲስተር ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

"ሴት ነሽ እንጂ የኔ እናት! መድኃኒቱ ሰውነትሽን ያግዘዋል እንጂ ሴት አያደርግሽም፤ እሱንማ ይዘሽው ነው የተወለድሽው።" ወደ እናትየዋም ዞረው፣ "አንቺም ምንም አልበደልሽ። ይህ በማንም ጥፋት አይመጣም" አሏት።

ልጅቷ ዛሬ አስተማሪ ናት። ያቻትላችሁ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች።

ሲስተር፣ ያን ቀን ሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ ይችሉ ነበር። በር ዘግተው ነገሩኝ፤ አሥር ዓመት ሙሉም ትንፍሽ አላሉም። ካርዱን ከማንበቤ በፊት ሰውየውን ማየት የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ከልቤ አመሰግናለሁ።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ! ሲስተር፣ ወረፋ የሌለበት ጠዋት፣ የማያም ጉልበት፣ የልጅ ልጅ የሚንጫጫበት ቤት ይስጥዎ። ለሲስተር ጤና!